በወረርሽኝ ጊዜ የመንደር ጽዳት ውድድርን ሳያቋርጡ ማካሄድ

ኮቪድ-19 በአገራችን መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወር ሳይሞላ በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ በአንድ ጠዋት ወጥቶ የሚጠርግበት ዘመቻ በእንዲህ ያለ ጊዜ አይታሰብም፤ ቆሻሻው ግን መከማቸቱን አያቆምም። በአየርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚካሄደው የከተሞች የጽዳት ውድድር እንኳ በ2020 ተሰርዞ የተመለሰው በ2021 ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልድያ ግን ውድድሩን ለመሰረዝ የሚያስገድድ ምክንያት አይታየኝም፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ቅሬ አለ። ቅሬ እንደ ዕድር ያለ፣ በጉርብትና የተዋቀረ፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት ያቀፈ፣ የእያንዳንዱን ቤት ሁኔታ የሚያውቅ ማኅበር በመሆኑ፣ ሰው ሳይሰበሰብም ሥራን ለማከፋፈል ይችላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ተወዳዳሪውን መለወጥ ነው። ቀድሞ ብዙ ሰው ያሰለፈ ሰፈር ያሸንፍ ከነበረ፣ አሁን ደጃፉንና የደጃፉን ቦይ ለ15 ቀናት ሳያቋርጥ በንጽሕና የያዘ መንደር እንዲያሸንፍ ደንቡ ይስተካከል። የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ከጸሐፊው ጋር ሆኖ መንደሩን ከ5 እስከ 8 ቤት ባለው ጎረቤት ይከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ደጃፍ ከቤተሰቡ ጋር ይጠርጋል፤ የጋራ የሆነውን ቦታ፣ ለምሳሌ የመንገዱን ዳርና የጎርፍ መውረጃውን፣ ቢበዛ ሦስት ሰዎች በተራ ይይዙታል። በሥራ ላይ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቆ መቆም፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ይሁን። ጥሪው በየቤቱ በመዞር ሳይሆን በቅሬው ጡሩምባ፣ በመስጊዱና በቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይተላለፍ።

ለመሣሪያ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ እጅ የሚነካው እርሱ ነውና። አካፋና መጥረጊያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እጀታው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ከዚያም በበረኪና ይወልወል። የበረኪናው የክሎሪን መጠን 5 በመቶ ከሆነ አንድ ስኒ በረኪና በ49 ስኒ ውሃ ይበጠበጣል። ውህዱ እያደር ኃይሉን ስለሚያጣ በየጠዋቱ አዲስ ይዘጋጅ፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፣ አደገኛ ጋዝ ይፈጥራልና። ቧንቧ በሌለበት ቦታ ክዳኑ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ በአጥር እንጨት ላይ ተዘቅዝቆ ቢታሰርና ሳሙና በቁራጭ መረብ ተደርጎ አጠገቡ ቢንጠለጠል፣ ሠራተኛው በቀላሉ እጁን ይታጠባል። የተጣለ ጭምብልና ሶፍት በእጅ አይነሣ፤ በእንጨት መቆንጠጫ ተነሥቶ በሁለት ፌስታል ይታሰርና ከሌላው ቆሻሻ ተለይቶ ይቀመጥ።

ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የታመመ ሰው ያለበት ቤት ጉዳይ ነው። ደጃፉ ባለመጠረጉ ነጥብ የሚቀነስበት ከሆነ ቤተሰቡ ሕመሙን ይደብቃል፤ የተደበቀ ሕመም ደግሞ መንደሩን ሁሉ ይጎዳል። ስለዚህ በደንቡ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ በሽታ ወይም ኀዘን ያለበት ቤት ደጃፍ በጎረቤቶች ተራ ከአጥር ውጭ ይጠረጋል፤ ይህን በአግባቡ የፈጸመ መንደርም ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ቅሬ ለለቅሶ እንደሚደርስ ሁሉ ለዚህም ይድረስ። የቤተሰቡ ስም ግን በነጥብ መዝገቡ ላይ አይስፈር፤ ለውድድሩ ዳኞች ስንት ቤቶች እንደሆኑ ብቻ ይነገር። አረጋውያንና የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከጋራ ሥራው ነፃ ይሁኑ፤ መዝገብ መያዝና በስልክ ማስታወስ ግን ይችላሉ፤ ማስታወሱን ከእነርሱ የተሻለ የሚሠራው የለም።

ዳኝነቱን በተመለከተ፣ በርካታ ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ በየመንደሩ መዞሩ ይቅር። ከሌላ ሰፈር የተመረጡ ሁለት ዳኞች ግቢ ሳይገቡ በመንገዱ ላይ ብቻ በእግር ያልፋሉ፤ ለምሳሌ በደሴ የሰኞ ገበያ ሰፈርን ዳኛ ለሆጤ ሰፈር፣ የሆጤን ለሰኞ ገበያ መመደብ ይቻላል። ጉብኝቱ ሳይነገር ቢደረግ ይሻላል፤ የተነገረ ጉብኝት የዋዜማውን ጥረት ብቻ ያሳያል። ከዚህ ጋር በየሳምንቱ ከተመሳሳይ ቦታና አቅጣጫ የተነሣ ፎቶ በቴሌግራም ይላክላቸው፤ ስልክ የሌላቸውን ቤቶች ወጣቶች ከመንገድ ላይ ሆነው ያንሡላቸው። ከ100 ነጥብ ቢያንስ 40ው ለቦይ መሰጠት አለበት የሚል ጽኑ አቋም አለኝ። ደሴ በተራሮች መካከል ያለች ከተማ በመሆኗ፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የተደፈነ ቦይ ጎርፉን ወደ ቤት ይመልሰዋል፤ ያልተደፈነው ደግሞ ፌስታሉን እየጠረገ ወደ ቦርከና ያወርደዋል፤ ወንዙም ወደ ኮምቦልቻ ያደርሰዋል። ስለዚህ የቦዩ ደለል ወጥቶ ዳር ላይ ከተከመረ ነጥብ አይሰጥ፤ በማግሥቱ ዝናብ ተመልሶ ይገባልና፤ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ እስኪነሣ ድረስ ሥራው እንዳላለቀ ይቆጠር።

ለሽልማቱ አዳራሽ አይጠራ። ውጤቱ በድምፅ ማጉያ ከተነገረ በኋላ፣ የእጅ ጋሪ፣ አካፋና ጓንት ሁለት ሰዎች አሸናፊው መንደር ድረስ ይዘው ሄደው ለቅሬው ዳኛ ያስረክቡ፤ ጋሪውም ለቀጣዩ ዙር የመንደሩ ቦይ ማጽጃ ሆኖ በቅሬው ዕቃ ቤት ይመዝገብ።