የሕክምና መሣሪያዎችን ጥገና ከየት እንጀምር?

ማልኪንና ኪን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አቅማቸው ውስን በሆነ ሆስፒታሎች ሥራ ካቆሙት መሣሪያዎች 66 በመቶ ያህሉ መለዋወጫ ከውጭ ሳይመጣላቸው፣ በመሠረታዊ የጥገና ክህሎት ብቻ ወደ ሥራ ሊመለሱ እንደሚችሉ አሳይተዋል። በየመጋዘኑ አቧራ የለበሰውን ዕቃ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ትልቅ ተስፋ ነው።

መጀመሪያ ክፍል በክፍል እየዞሩ መሣሪያዎቹን ሁሉ ይመዝግቡ፤ በኮሪደርና በመጋዘን የተጣሉትንም አይተዉ። ስሙን፣ አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ መለያ ቁጥሩን፣ የሚገኝበትን ክፍልና ያለበትን ሁኔታ ይጻፉ። «አይሠራም» ብሎ ማለፍ ለጠጋኙ ምንም አይነግረውም፤ «ሲበራ ድምፅ ያሰማል፣ አየር ግን አይወጣም» የሚለው ግን ሥራውን ያቀልለታል። ለዚህ ሶፍትዌር መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሚገባ የተያዘ ደብተር ይበቃል።

ቀጥሎ ቅደም ተከተል ያውጡ። ፌኒግኮና ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረቡት ስልት እያንዳንዱ መሣሪያ ለአገልግሎቱ ዓይነት እስከ 10፣ ቢበላሽ በታካሚው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እስከ 5፣ ለሚፈልገው ጥገና እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ 12 እና ከዚያ በላይ የሆነው በመደበኛ የጥገና ፕሮግራም ውስጥ ይገባል። ለኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከክፍሉ አየር ኦክስጅንን ለይቶ ለታካሚ ለሚሰጠው መሣሪያ) እኔ 10፣ 5 እና 4፣ በድምሩ 19 እሰጣለሁ። ለደም ግፊት መለኪያ ግን 6፣ 3 እና 2 ብሰጥ ድምሩ 11 ሆኖ ከመስመሩ በታች ይቀራል፤ ይሁንና በተመላላሽ ክፍል ቀኑን ሙሉ ከእጅ የማይለይ መሣሪያ ነው። ዋንግና ሌቨንሰን እ.ኤ.አ. በ2000 መሣሪያው ምን ያህል እንደሚሠራበትም ይታይ ያሉት ይህን የመሰለውን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ስለዚህ ነጥቡን ብቻ አይመኑ። የብልሽት መዝገብዎንም በየጊዜው እያዩ፣ ደጋግሞ የሚበላሸውን ወደ ላይ ያውጡት።

ኮንሰንትሬተሩን በቅርበት እንየው። በጀርባው ወይም በጎኑ ያለው የስፖንጅ ማጣሪያ በአቧራ ሲደፈን ኮምፕሬሰሩ (አየሩን የሚጨምቀው ክፍል) ይግላል፣ የኦክስጅኑም ንጽሕና ይወርዳል። አደገኛው ነገር በፍሰት መለኪያው ውስጥ ያለችው ኳስ በደቂቃ 5 ሊትር ላይ ቆማ ልትታይ መቻሏ ነው፤ ኳሷ የምትናገረው ስለ አየሩ መጠን እንጂ ስለ ንጽሕናው አይደለም። ማጣሪያውን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አቧራ በበዛበት ቦታ ደግሞ ቶሎ ቶሎ በለስላሳ ሳሙናና በውኃ አጥበው፣ በደንብ አለቅልቀው፣ ፈጽሞ ሲደርቅ ይመልሱት። ከመሣሪያው የሚወጣውን ኦክስጅን በኦክስጅን ንጽሕና መለኪያ ይለኩ፤ ንጽሕናው ከ82 በመቶ በታች ከሆነ መሣሪያው ሳይጠገን ለታካሚ አይቅረብ።

በእርዳታ የሚመጣ ዕቃ ከሆነ ገና ሳይጫን ይጠይቁ፦ በ220 ቮልትና በ50 ኸርትዝ ይሠራል? የጥገና መመሪያው አብሮ ይመጣል? የሚያልቁ ዕቃዎቹ በአገር ውስጥ ይገኛሉ? መልሱ በጽሑፍ እስኪደርስዎ ድረስ የመቀበያ ሰነዱን አይፈርሙ።