በቸነፈር ስለተመታ መንደር ተውኔት እንዴት ይጻፋል?

ስለ ወረርሽኝ የሚጻፍ ተውኔት በአብዛኛው የሚበላሸው በሬሳ ብዛት ነው። ሰው ይታመማል፣ ይሞታል፣ የቀረው ያለቅሳል። ከሦስተኛው ሬሳ በኋላ ተመልካቹ ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። ወንበሩ ላይ የሚያቆየው የቋሚዎቹ ጠባይ ሲቀየር ማየት ነው። አሠራሩን በእንግሊዟ ኢም መንደር ታሪክ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ በሽታው የገባበትን በር ፈልጉ። ኢም ያለችው ደርቢሻየር ውስጥ ነው። በፈረንጆቹ 1665 ከለንደን ጨርቅ መጣላት። እርጥብ ስለነበር ጆርጅ ቪካርስ የተባለ ልብስ ሰፊ እሳት ዳር ዘርግቶ አደረቀው። ጨርቁ ቁንጫ ነበረበት ይባላል። ሰውየው ሴፕቴምበር 7 ሞተ። እንግዲህ መክፈቻችሁ ይኸው፦ እሳት፣ ጨርቅ፣ ክንዱን የሚያክ ሰው። እዚህ ላይ ማንም «ቸነፈር» የሚል ቃል እንዳይተነፍስ። ተመልካቹ ያውቃል፣ ሰውየው አያውቅም።

ቀጥሎ ሰዎቹን ምረጡ። አምስት ስድስት ይበቃሉ። ሁለቱን ቄሶች ግን እንዳትዘሉ። ዊልያም ሞምፔሰን ወጣትና ለመንደሩ አዲስ ነው። ቶማስ ስታንሊ ከቦታው የተነሳ ነው፣ ሕዝቡ ግን አሁንም ይሰማዋል። በሃይማኖት አይስማሙም። በጁን 1666 ግን አብረው ቆሙና በሽታው ወደ ሌላ መንደር እንዳይዛመት ሕዝቡ ከመንደሩ እንዳይወጣ ለመኑ። ታሪኩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነውና አትቸኩሉ። አንዱ ይቃወም፣ አንዷ ልጆቿን ላሽሽ ትበል። ሞምፔሰን ራሱ የገዛ ልጆቹን ቀደም ብሎ አስወጥቷል። ይህን አንድ ሰው ፊት ለፊት ይጠይቀው። መልሱን አታሳምሩለት።

ሦስተኛው ሥራ፣ ለእኔ ዋናው፣ ለውጡን በእጅ ማሳየት ነው። ረጅም ንግግር ይቅር። አንድ የዘወትር ድርጊት ያዙና ሦስቴ መልሱት። ገንዘብ መክፈል ይሁን። መጀመሪያ ሴትዮዋ ዳቦ ስትገዛ ሳንቲሙን ሻጩ መዳፍ ላይ ታኖራለች፣ ይሳሳቃሉ። በሁለተኛው ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ እጇን ቶሎ ትሰበስባለች። በሦስተኛው መንደሩ ዳርቻ ያለው ድንጋይ ጋ ትሄዳለች። ድንጋዩ ቀዳዳ አለው፣ ቀዳዳው በሽታውን ከሳንቲም ላይ ያጠፋል የተባለ ኮምጣጤ ተሞልቷል። ሳንቲሟን ነክራ ትሄዳለች። ሻጩ የሚመጣው እሷ ከራቀች በኋላ ነው። ድንጋዩ ዛሬም እዚያው አለ።

ቀብሩንም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ መቅበር ቀረና ቤተሰብ የራሱን ሬሳ በየማሳውና በየጓሮው ቀበረ። ኤልዛቤት ሃንኮክ በኦገስት 1666 ባሏንና 6 ልጆቿን በ8 ቀን ውስጥ ቀብራለች። ሰባቱንም አታሳዩ፣ ሙዚቃም አትጨምሩ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስትቆፍር አካፋው አልታዘዝ ይላታል። የመጨረሻውን ስትቆፍር እጇ ለምዷል። በቃ። ዕድር ባለበት ሰፈር ላደገ ሰው፣ ቀባሪ የሌለው ቀብር ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁሉም ሰው ደግ እየሆነ አይሂድ። ማርሻል ሃው ሬሳ እየቀበረ የሟቾቹን ዕቃ ይወስድ እንደነበር ይነገራል። በኋላ ሚስቱና ልጁ ሞቱ። እሱን ተራ ሌባ ካደረጋችሁት ጥሩ ገፀ ባሕርይ አባከናችሁ። ሌላው የሸሸውን ሬሳ የሚያነሳው እኮ እሱ ነው።

አልባሳቱ ብዙ አያስጨንቃችሁ፣ ወፍራም ጨርቅና ደብዛዛ ቀለም ይበቃል።

ሞቱ ያቆመው በኖቬምበር 1666 ነው፣ ከ14 ወር በኋላ። ወደ 260 ሰው አልቋል። ቁጥሩን በተራኪ አታስነግሩ፣ መግቢያው ላይ በሚታደለው ወረቀት አትሙት። መድረኩ ላይ ዳቦ ሻጩ ይመለስ። መዳፉን ይዘርጋ። ሴትዮዋ ሳንቲሟን ይዛ፣ ኮምጣጤውን በዓይኗ ትፈልግ።