የቫይታሚንና የማዕድን አወሳሰድን ሲገመግሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አመጋገቡ በቂ ቫይታሚንና ማዕድን የሚሰጠው መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የበላውን ይመዘግባል፣ በምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ወይም በስልክ መተግበሪያ ያሰላል፣ ያገኘውንም ቁጥር ከሚመከረው ዕለታዊ መጠን ጋር ያነጻጽራል። መንገዱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ እንጀራ፣ ጾምና በአንድ ትሪ አብሮ መብላት ባሉበት በእኛ አመጋገብ ላይ ቁጥሩን ከእውነታው የሚያርቁ ስህተቶች በቀላሉ ይፈጸማሉ።

በአንድ ወቅት መዝገብ ዓመቱን መመዘን

በፋሲካ ሳምንት የበላውን የመዘገበ የኦርቶዶክስ ምእመን ቫይታሚን ቢ12 ተትረፍርፎ ያገኛል፤ ያው ሰው በሁዳዴ ቢመዘግብ ከዜሮ ብዙም የማይርቅ ቁጥር ያያል፤ ምክንያቱም ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ ነው። ሁለቱም መዝገቦች ለየብቻቸው ያሳስታሉ። ስለዚህ ከጾም ወቅትም ከፍስክ ወቅትም ተከታታይ ያልሆኑ ቢያንስ ሦስት ሦስት ቀናትን መርጦ፣ ከመካከላቸውም አንዱን ቅዳሜ ወይም እሑድ አድርጎ መመዝገብ ይሻላል። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ሊያከማች ስለሚችል 55 ቀን መጾም ብቻውን ጤነኛን ሰው ለእጥረት አይዳርገውም። በአንጻሩ በፍስክም ወቅት በኑሮ ውድነት ወይም በልማድ ከእንስሳት ተዋጽኦ የራቀ ሰው ጉዳዩን በምርመራ ማጣራት ይገባዋል።

ከጋራ ትሪ የራስን ድርሻ በግምት ማለፍ

አብረን ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ በትክክል የሚያውቅ የለም። የተሻለው ዘዴ ወጡ ሲሠራ ወደ ድስቱ የሚገባውን ሁሉ፣ ዘይቱንና ጨውን ጨምሮ፣ መዝኖ መጻፍና ከዚያ የራስን ድርሻ በተለየ ሳህን ማውጣት ነው። በቡና ሰዓት የሚበላው ቆሎና ዳቦ፣ ማኪያቶ ውስጥ የሚገባው ወተት፣ አብሮ የሚቀርበው ቃሪያም መመዝገብ አለባቸው።

የጥሬውን ቁጥር ለበሰለው መስጠት

በአንዳንድ ሠንጠረዦች መሠረት 100 ግራም ጥሬ ጤፍ ወደ 180 ሚሊ ግራም ካልሲየም ይይዛል። እንጀራ ግን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ በመሆኑ ይህን ቁጥር 100 ግራም ለሚመዝን እንጀራ የሚሰጥ ሰው ያገኘውን ካልሲየም ከእጥፍ በላይ አጋኖታል። በምስርና በሽምብራም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል።

የተበላውን ብረት ሁሉ ሰውነት እንደወሰደው መቁጠር

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ «ጤፍ ስለምበላ ደም ማነስ አያሰጋኝም» የሚል እምነት ብዙ ሴቶችን ከምርመራ ያዘገያቸዋልና። በአንዳንድ ሠንጠረዦች ላይ ለጤፍ የተመዘገበው እጅግ ከፍተኛ የብረት መጠን በከፊል የሚመጣው እህሉ በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ከሚቀላቀለው አፈር ነው፤ ሰውነት ደግሞ ከአፈር የመጣውን ብረት በአብዛኛው አይጠቀምበትም። በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረትም ቢሆን ፋይቴት የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚይዘው ወደ ደም የሚገባው ከፊሉ ብቻ ነው። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራና ሳይቦካ የተጋገረ ቂጣ በመዝገቡ ላይ እኩል ብረት ቢያሳዩም ለሰውነት እኩል አይሰጡም።

ከምግቡ ጋር የሚወሰደውም ይቆጠራል። ከምሳ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ሻይና ቡና ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት እንዳይወሰድ በእጅጉ ያግዳል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ማቆየት ይመከራል። በሽሮው ላይ የሚጨመቅ ሎሚ ወይም አብሮ የሚበላ የቲማቲም ሰላጣ ግን በቫይታሚን ሲ አማካኝነት ያግዛል፤ ጥቂት ሥጋም እንዲሁ። ስለዚህ ከምግቡ ስም ጎን ቡናው የተጠጣበትን ሰዓት መጻፍ ያስፈልጋል። በአሜሪካ መመሪያ መሠረት የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18፣ ነፍሰ ጡር 27፣ ወንድ ግን 8 ሚሊ ግራም ብረት ስለሚመከርላቸው፣ ለባል የበቃ ገበታ ለሚስት ላይበቃ ይችላል።

የአበሳሰሉን ሁኔታ መዘንጋት

ጎመንን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ከቫይታሚን ሲና ፎሌት ከሚባለው የቢ ቫይታሚን ብዙውን ያሳጣል። በካሮትና በጎመን ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ መነሻ ደግሞ ያለ ቅባት በደንብ አይወሰድም፤ ጥቂት ዘይት የግድ ነው። አዮዲን ያለው ጨው በክፍት ዕቃ ሲቀመጥ ወይም ገና ከጅምሩ ወጥ ውስጥ ሲጨመር ከአዮዲኑ ከፊሉን ስለሚያጣ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል የተጨመረውንና ቀድሞ የገባውን እኩል ማስላት ስህተት ነው።

ቫይታሚን ዲን ከሳህን ላይ ብቻ መፈለግ

ይህ ቫይታሚን በአብዛኛው የሚገኘው ቆዳ በፀሐይ ሲመታ ነው። በስዊድን ወይም በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ክረምቱን የሚያሳልፍ፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ውሎውና አዳሩ ቤት ውስጥ የሆነ ወገናችን የምግብ መዝገቡ ምንም ያህል ቢሟላ ስለዚህ ቫይታሚን በቂ መረጃ አይሰጠውም። ጥቁር ቆዳ በደካማ ፀሐይ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

መለኪያዎችንና እንክብሎችን ማምታታት

ሚሊ ግራም 1,000 ማይክሮ ግራም ነው፤ 1 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ዲ ደግሞ 40 ዓለም አቀፍ ዩኒት ነው። ከፋርማሲ የተገዛ እንክብልም በመዝገቡ ይግባ፤ አዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ45 ሚሊ ግራም በላይ ብረት እንዲወስድ አይመከርም።

ቁጥሩን እንደ ሕመም ማስረጃ መውሰድ

የሚመከረው መጠን ከጤነኛ ሰዎች 97 በመቶ ያህሉን እንዲሸፍን ሆኖ ከፍ ተደርጎ የተተመነ ነው። በመሆኑም 80 በመቶውን ብቻ ያገኘ ሰው እጥረት አለበት ማለት አይደለም፤ 100 በመቶ የደረሰ ሰውም የሆድ ትላትል ወይም ብዙ ደም የሚፈስበት የወር አበባ ካለ ሊጎድልበት ይችላል። ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የእጅና የእግር መደንዘዝ ካለ መዝገቡን ይዞ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። የተከማቸ ብረት ማለቅ የሚጀምረው ሂሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ገና ሳይወርድ ስለሆነ፣ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ይታዘዝ እንደሆነም መጠየቅ ይቻላል።