ድራማ አሳይቶ ሰው ለማደራጀት ሲታሰብ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቀበሌ አዳራሽ ድራማ ይታያል። መጨረሻ ላይ አንዱ ተዋናይ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ስለዚህ ወገኖቼ…» ይላል። ይጨበጨባል፣ አበል ይፈረማል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ሰው ለማደራጀት የታሰበ ድራማ ከሆነ፣ ከሽፏል።

ራስ የማይገቡበትን መስበክ። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ይህን የተማረው አፍሮ ነው። ቡድኑ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ለገበሬዎች «ለመሬታችን ደማችንን እናፍስስ» የሚል ቴአትር የመድረክ ጠመንጃ ይዞ አሳየ። አንድ ገበሬ ልቡ ተነክቶ፣ መሬታችንን የቀማንን ሰው አብረን እንግጠመው አላቸው። ጠመንጃው አይተኩስም ሲሉት፣ የእኛ ይበቃችኋል አለ። እኛ አርቲስቶች እንጂ ተዋጊዎች አይደለንም ብለው አፈገፈጉ። ገበሬው ያኔ ነገሩ ገባው፤ ይፍሰስ የተባለው ደም የእሱና የጓደኞቹ ብቻ ነበር።

መፍትሔውን አብስሎ ማቅረብ። ቦአል ኋላ የፈጠረው ፎረም ቴአትር ታሪኩን ችግሩ ላይ ያቆመዋል። ድራማው ሲደገም ተመልካች «ቁም!» ብሎ ባለጉዳዩን ይተካና የራሱን መላ ይሞክራል። መንገደኛ አስቁሞ ዳኛ በማድረግ «በላ ልበልሃ» እያለ ይሟገት ለነበረ ሕዝብ ይህ ብዙ እንግዳ አይሆንም። ለምሳሌ ውሃ የጠፋበት ሰፈር እናት ቢሮ ሄዳ፣ ጸሐፊዋ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትላት ታሪኩን አቁሙት። አንዷ ጎረቤቶቿን አስከትላ ትገባለች፤ ሌላው የእድሩ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ጸሐፊዋን የምትጫወተው ልጅ በቀላሉ እጅ እንዳትሰጥ አስጠንቅቋት፤ እውነተኛዋም አትሰጥም። ጭራቅ ግን አታድርጓት፣ እሷም ታዝዛ ነው።

የሰውን ገመና ማውጣት። ሰፈር ውስጥ ስም መቀየር ማንንም አይደብቅም። ባለታሪኩን አስፈቅዱ፤ ካልፈቀደ ተዉት።

ጭብጨባ ላይ መበተን። ቦአል ከ1993 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሳለ፣ በየሰፈሩ ከመድረክ የወጣው ሐሳብ እየተጻፈ ረቂቅ ሕግ ይሆን ነበር። 13 ሕጎች ጸድቀዋል። አንዱ የከተማዋ ሆስፒታሎች የአረጋውያን ሐኪም እንዲኖራቸው የሚያዝ ነበር። እናንተ የምክር ቤት ወንበር ባይኖራችሁም ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አይጠፋም። ስለ ውሃው መወሰን የሚችለውን ኃላፊ ጋብዙና ፊት አስቀምጡት፤ ማይክ ግን ቶሎ አትስጡት፣ ማይክ የያዘ ኃላፊ ሰዓት አያይም። ደብዳቤውን ማን እንደሚያደርስ፣ መልሱንም ማን በየትኛው ቀን ሄዶ እንደሚጠይቅ አዳራሹ ሳይበተን በስም ይጻፍ።