የሬዲዮ መንጣጣትን ለድራማ ድባብ ስንጠቀም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ከዚራ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እኩለ ቀን ላይ ሬዲዮ ስለሚያዳምጥ ሰው አጭር ድራማ ስሠራ፣ ከንግግሩ ሥር መብረቅ በሬዲዮ ላይ የሚያሰማውን መንጣጣት ጥቅጥቅ አድርጌ አስገብቼ ነበር። ሥራውን ያደመጡ አንድ የሰፈራችን አዛውንት፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ የማታ ሬዲዮ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ቀን ቀን ዲ በመባል የሚታወቀው የአዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞላው የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል) የታችኛው ንጣፍ፣ የኤ.ኤም. ጣቢያዎች የሚጠቀሙበትን መካከለኛ ሞገድ ስለሚውጥ የሩቅ ጣቢያም የሩቅ መብረቅም አይደርሰንም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ንጣፉ ይሳሳና ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። ሰዓቱን መርሳት እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ በሐረር ደጋ ላይ ደመና ሲከመር ግን ነገሩ ይለያል፤ መብረቁ ቅርብ በመሆኑ፣ ነጎድጓዱ ለጆሮ ሳይሰማ ሬዲዮው አስቀድሞ ይንጣጣል።

ሁለተኛው ስህተት ማንኛውንም ሹርርታ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ጣቢያ የሌለበት ኤፍ.ኤም. የሚያሰማው እንደ ቧንቧ ውኃ የሚንሿሿ ድምፅ በአብዛኛው ከራሱ ከመቀበያው የሚመነጭ ሲሆን፣ በኤ.ኤም. የሚሰማው የመብረቅ ድምፅ ግን ምጣድ ላይ እንዳለ ቡና ነው፦ ዝም ይላል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይንጣጣል፣ መልሶ ዝም ይላል። ጆሮ ወጥ የሆነውን ድምፅ ወዲያው ይለምደውና ይረሳዋል፤ የሚቆራረጠውን ግን ይጠብቀዋል። ውጥረት የሚፈጠረውም ከዚህ መጠበቅ ነው።

ብዙዎቻችንን የሚያስተው ፉጨቱ ነው። የመብረቅ ዝቅተኛ ሞገድ የምድርን መግነጢሳዊ መስመር ተከትሎ ወደ ሌላው ንፍቀ ክበብ ሲሻገር ከፍተኛው ድግግሞሽ ቀድሞ፣ ዝቅተኛው ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ፉጨት ይሰማል፤ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ባርክሃውዘን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ስለተሰማው ስለዚህ ድምፅ በ1919 ጽፏል፤ ተመራማሪው ስቶሪ ደግሞ በ1953 መንስኤውን አብራርቷል (ሁለቱም ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር)። ውብ ድምፅ ነው፤ እኔም ተፈትኜበታለሁ። ነገር ግን ድሬዳዋ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፉጨቱ በዚህ አይጠበቅም። ገጸ ባሕርይው ሌሊት ሜዳ ላይ ሆኖ እንዲሰማ ከፈለጋችሁ፣ ከመንጣጣቱ ጋር ሞገዱ በምድርና በአዮኖስፌር መካከል ደጋግሞ ሲንጸባረቅ የሚፈጠረውን፣ እስከ 2 ኪሎ ኸርዝ ገደማ የሚወርደውን አጭር የወፍ ጭውታ መሰል ድምፅ አስገቡ።

ይህን በራሳችሁ ለመቅዳት ከቤት መውጣት ግድ ነው፤ የ50 ኸርዝ የመብራት ኃይል እምምታ፣ የስልክ ቻርጀርና የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ሁሉንም ይሸፍኑታል። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው የሽንሌ ሜዳ አቅጣጫ መሄድ ይሻላል።

የመጨረሻው ስህተት ሃያ ሰከንድ ቆርጦ እየደጋገሙ በአንድ ከፍታ ማንጠፍ ነው። ያው ፍንጣቂ ተመልሶ ሲመጣ አድማጭ ያውቀዋል፤ በእውነተኛው ሬዲዮ ደግሞ ጣቢያው ሲደክም መንጣጣቱ ይነሣል፣ ሲበረታ ይወርዳል። አሁን የሞት ዜና በሚነበብበት ቦታ ጣቢያውን አደክመዋለሁ፤ የሟቹ ስም ሊጠራ ሲል አንድ መብረቅ ይሸፍነዋል፣ አዳማጩም ሰው ጆሮውን ወደ ሬዲዮው ያስጠጋል።