ዝገቱን ቀንሱት፦ የታንክ ሞዴል ስንሠራ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ሞዴሉን በጫማ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ቲ-34 ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት ታንክ። ሦስት ወር ሠርቶበታል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አቅፎ ነው ያለፈው፤ አንድም ነገር አልተሰበረበትም። ጠረጴዛዬ ላይ ከፈተውና "ጋሼ፣ እንዴት ነው?" አለኝ።

እጁ ንጹሕ ነው። ሙጫ የፈሰሰበት ቦታ የለም። መጋጠሚያዎቹ በስቱኮ ተደፍነው በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክለዋል። ግን ታንኩ ከአናቱ እስከ እግሩ ዝጓል። ብርቱካናማ ሆኗል። እንዲህ ያለ ዝገት ዘንድሮ ብቻ ሳይ ይህ አራተኛዬ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ ከምናገር አንዴ ልጻፈው አልኩ።

ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው። የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።

ታንኩን በሙሉ ማዛግ

ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። እኛ አካባቢ ያደገ ልጅ ታንክ ያየው መንገድ ዳር ነው። የተቃጠለ፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰ፣ ሥሩ ሣር የበቀለበት። የምናውቀው ታንክ የሞተ ታንክ ነው። ስለዚህ ቀለም ስናነሳ እጃችን በራሱ ወደ ቡናማው ይሄዳል።

በውጊያ ላይ ያለ ታንክ እንደዚያ አይደለም። በ1943 ግንባር የደረሰ ቲ-34 ብዙ ጊዜ ዕድሜው አጭር ነበር። ለመዛግ ጊዜ አያገኝም። ቀለሙ ይፋቃል፣ አቧራ ይጠጣል፣ ናፍጣና ዘይት ይፈስበታል። ዝገት በደንብ የሚታየው ማርሚታው ላይ ነው፤ ሙቀቱ ቀለሙን ስለሚበላው። ሰንሰለቱ ጥቁር ቡናማ ይሆናል። መሬት የሚነካው ፊቱ ግን እንደ ማረሻ ጫፍ ያብረቀርቃል። አርሶ የመጣ ማረሻ አይታችኋል አይደል? በቃ እሱ ነው። እዚያ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ከቀባችሁ ታንኩ ከቆመ ወራት ሆኖታል ማለታችሁ ነው።

የተቃጠለ ታንክ መሥራትም ያምራል። ግን ከሠራችሁት ሙሉውን ሥሩት። እሳት ቀለሙን ሲበላው ብረቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ነው በፍጥነት የሚዝገው። ያው እሳት ግን ሰንሰለቱ የሚዞርባቸው የብረት ጎማዎች ዙሪያ የተለበጠውን ላስቲክም ይበላል። ላስቲኩ ሲያልቅ ጎማው ያንሳል፣ ሰንሰለቱ ይላላል። እሳቱ ከበረታ ስፕሪንጎቹ ጉልበታቸውን ያጣሉ፤ ታንኩ በሆዱ ወደ መሬት ይቀርባል። ልጁ ባመጣልኝ ሞዴል ላይ ግን ላስቲኩ ጥቁርና ሙሉ ነው። ከላይ በክፍቱ በር ደግሞ አንድ ወታደር መነጽር ይዞ ቆሟል።

"ላስቲኩ ሳይቃጠል ብረቱ እንዴት ዛገ?" አልኩት። ዝም ብሎ ሞዴሉን አየው። ከዚያ "ልክ ነህ ጋሼ፤ አላሰብኩትም" አለኝ።

አለማሰብ ነው ዋናው ነገር። ሞዴል ስንሠራ አንድን ታንክ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ነው የምንሠራው። የትኛው ታንክ? በየትኛው ዓመት? የት? እነዚህን ሦስቱን ወረቀት ላይ ሳትጽፉ ከተር አታንሱ። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመጡት እነሱን ካለመጠየቅ ነው።

ስለ መንገድ ዳር ታንኮች ካነሳሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለሞዴል ብላችሁ አትውጡባቸው፣ ውስጣቸው አትግቡ፣ አጠገባቸው የወደቀ ብረት አታንሱ። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሊኖር ይችላል። ከመንገዱ ሳትወርዱ በዓይናችሁ ተመልከቱ፣ ቤት ገብታችሁ ንደፉት። ወታደር ያለበት አካባቢ ከሆነ ካሜራ አታውጡ። የአንድ ቡሎን ቦታ ለማወቅ ብሎ እጁን የሚያጣ ልጅ ማየት አልፈልግም።

ዓመት ማደባለቅ

ስታሊንግራድ ላይ ቲ-34-85 አቁመው የሚያመጡልኝ አሉ። የስታሊንግራድ ጦርነት ያለቀው በየካቲት 1943 ነው። 85 ሚሊ ሜትር መድፍ የያዘው ቲ-34 ግንባር የገባው በ1944 መጀመሪያ ነው። ስታሊንግራድ ከፈለጋችሁ 76 ሚሊ ሜትር ያለውን ውሰዱ። ቱሬቱ፣ ማለትም መድፉን ይዞ የሚዞረው የላይኛው ክፍል፣ ትንሽ ነው፤ ውስጡ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። በ85ቱ ላይ ሦስት ሆነዋል። እዚያው ከተማ የነበረው የትራክተር ፋብሪካ ላስቲክ ሲያጥረው ላስቲክ የሌላቸው የብረት ጎማዎችን ይገጥም ነበር። ይህን አውቆ የሚሠራ ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል።

በጀርመኖቹ በኩልም ያው ነው። ታይገር ላይ የሚለጠፈው ሸካራ ሊጥ የመሰለ ልባስ፣ ዚመሪት የሚባለው፣ የመጣው በ1943 ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ቱኒዚያ ላይ ጦርነቱ በግንቦት 1943 አልቋል። ስለዚህ የቱኒዚያ ታይገር ዚመሪት የለውም። ፓንተር የሚባለው የጀርመን ታንክ ዓይነቶችም በፊደል ቅደም ተከተል አልወጡም፤ መጀመሪያ ዲ፣ ከዚያ ኤ፣ ከዚያ ጂ ነው። ሩሲያ ውስጥ ኩርስክ ላይ በሐምሌ 1943 የተዋጋው ዲ ነው። ጥቁር ቢጫው መሠረታዊ ቀለም ደግሞ ከየካቲት 1943 ጀምሮ ነው የታዘዘው። ከዚያ በፊት የወጡት አውሮፓ ውስጥ በጥቁር ግራጫ ነበሩ።

ቲ-54 እና ቲ-55

ከዚያ ጦርነት በኋላ የመጡትን እነዚህን ሁለት የሶቪየት ታንኮች እኔም አደባልቄያቸዋለሁ። የዛሬ ስድስት ዓመት ቲ-55 ብዬ አንድ ሞዴል ጨረስኩ። ሰፈራችን ውስጥ በድሮው ጦር ታንከኛ የነበሩ አባት አሉ። ኩራት ይዞኝ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ቱሬቱን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ጣሪያው ላይ ያለችውን ክብ ጉብታ ነኩ።

"ልጄ፣ ይቺ ምንድን ናት?"

"የአየር ማስወጫ ናት አባባ።"

"እሷ ካለች ሃምሳ አራት ነው" አሉኝ።

ልክ ናቸው። ቲ-54 ከቱሬቱ ጣሪያ ፊት ለፊት በቀኝ በኩል የእንጉዳይ አናት የመሰለች ጉብታ አለችው። ቲ-55 ላይ የለችም። ሁለቱን ከሩቅ ለመለየት ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም። እኔ ግን ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አምኜ፣ ከሌላ ኪት፣ ማለትም ከሌላ የሚገጣጠም ሞዴል ሳጥን፣ የተረፈ ቱሬት ገጥሜ ነበር።

ቲ-62ን ደግሞ በጎማዎቹ ክፍተት ትለዩታላችሁ። ሦስቱም በእያንዳንዱ ጎን አምስት አምስት ትልልቅ ጎማ አላቸው። በ54 እና በ55 ላይ ሰፊው ክፍተት ያለው በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ነው። በ62 ላይ ግን ወደ ኋላ ሄዷል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው፣ እንዲሁም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። መድፉም ይለያል፤ 55 ላይ 100 ሚሊ ሜትር፣ 62 ላይ 115።

እኚህ አባት ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ ያዩልኛል። በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ቡና ይዛችሁ ሂዱ። ሊያወሩት የማይፈልጉት ነገር ካለ ግን አትጎትጉቷቸው።

የፕላስቲክ ውፍረት

በ1/35 ልክ፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ሲያንስ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በእውነተኛው ታንክ 3.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ከኪቱ የወጣው ፓራፋንጎ አንድ ሚሊ ሜትር ይወፍራል እንበል። እውነተኛው ፓራፋንጎ ግን ስስ ላሜራ ነው፤ ሰው ሲረግጠው ይታጠፋል። እኛ 3.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጋሻ ብረት አደረግነው ማለት ነው። ጫፍ ጫፉን ከውስጥ በኩል በከተር አሳሱት። ከፊት የሚታየው ጠርዙ ብቻ ስለሆነ ያ ይበቃል። የተጣመመ ወይም የተቀደደ ፓራፋንጎ ከፈለጋችሁ የለስላሳ ቆርቆሮ ቁረጡ። ግድግዳው 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በልኩ ሲሰላ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ ነገር ደሴ ውስጥ በነፃ አይገኝም። ስትቆርጡት ጣታችሁን ጠብቁ።

አፈርም በዚሁ ሒሳብ ነው። ከቦርከና ዳር ያመጣችሁትን ጥቁር አፈር እንዳለ ከበተናችሁት እያንዳንዷ ጠጠር ድንጋይ ትሆናለች። መጀመሪያ አድርቁት፣ ውቀጡት፣ ከዚያ በስስ የናይለን ካልሲ ንፉት። የምትፈልጉት ዱቄቱን ነው። ጭቃ ሲደርቅ እንደሚነጣም አትርሱ። ታንኩ ላይ ከታች እርጥብ ጥቁር፣ ከላይ ደረቅ ግራጫ ከሆነ ዓይን ያምነዋል።

ትንሹን ታንክ "ማስተካከል"

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞብን የመጣው ሲቪ-35 ርዝመቱ 3.17 ሜትር፣ ቁመቱ 1.3 ሜትር ገደማ ነው። በ1/35 ሲሠራ 9 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 3.7 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይሆናል። መዳፍ ላይ ይቀመጣል። አጠገቡ የሚቆመው 1.75 ሜትር ሰው ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ወጣት "ልኩ ተሳስቷል" ብሎ ታንኩን ከሥሩ በእንጨት ከፍ አድርጎት አየሁ። አልተሳሳተም። ታንኩ እውነትም ከሰው ደረት አይበልጥም ነበር። የሚዞር ቱሬት የለውም፤ መትረየሶቹ የሚያዩት ወደፊት ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉይና ላይ የራስ እምሩ ጦር እነዚህን ታንኮች ከብቦ የማረካቸውና ያወደማቸው ወደ ጎንና ወደ ኋላ መተኮስ ስለማይችሉ ጭምር ነው። ትንሽነቱ የታሪኩ አካል ነው። ከፍ ስታደርጉት ታሪኩን ታጠፉታላችሁ።

ሰንሰለት

ቲ-34ም ቲ-55ም ሰንሰለቱን ከላይ የሚደግፉ ትንንሽ ጎማዎች የሏቸውም። ሰንሰለቱ በራሱ ክብደት ወርዶ ትልልቆቹ ጎማዎች አናት ላይ ይተኛል። ከኪቱ የሚወጣው የላስቲክ ሰንሰለት ግን እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ይቀራል። ከጎማዎቹ ጋር በክር እሰሩት ወይም በሙጫ ወደ ታች አጣብቁት። የአሜሪካኖቹ ታንክ ሸርማን ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ የእሱ ሰንሰለት የተወጠረ ነው።

የፈሰሰውን ብረት ማለስለስ

የቲ-34 ቱሬት በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ከሆነ ሸካራ መሆን አለበት። በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሳችሁ አትልፉ። ፕላስቲክ የሚያቀልጠውን ቀጭን ሙጫ ቀቡና ሳይደርቅ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነካ ነካ አድርጉት። ጠፍጣፋው የፊት ጋሻ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ እሱ የተዳመጠ ብረት ነው።

ቀለም

የጋራዥ ቲነር ፕላስቲኩን ይበላዋል። ቤንዚንም እንደዚያው። የመኪና ቀለም ርካሽ ነው ብላችሁ አትጀምሩት።

ሌላው የደሴ ጉም ነው። በሐምሌ ከጦሳ ጉሙ ሲወርድ ቤት ውስጥ ያለው ልብስ እንኳ አይደርቅም። እኔ በእንደዚህ ያለ ቀን አንድ ፓንተር ላይ የመጨረሻውን የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ነፋሁ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ታንኩ በሙሉ ነጭ ዱቄት ለበሰ። የአራት ወር ሥራ ነበር። እርጥበቱ ከቫርኒሹ ጋር ሲቀላቀል እንደዚያ ይሆናል። አሁን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፋ ነገር ካለኝ ጠቅልዬ ኮምቦልቻ ወዳለችው እህቴ ቤት እወርዳለሁ። ዝቅ ያለ ስለሆነ ይሞቃል። እዚያም ቢሆን ከዝናብ በኋላ ሳይሆን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የምነፋው።

ልጁን ሁለት ምርጫ ሰጠሁት። ቀለሙን አጥቦ የሚዋጋ ታንክ ማድረግ ይችላል። ወይም ዝገቱን ትቶ ወታደሩን ማንሳትና የተቃጠለ ታንክ ማድረግ። ሁለተኛውን መረጠ። ያ ማለት ላስቲኩን ከየጎማው ዙሪያ በከተር መላጥ ነው። በእያንዳንዱ ጎን አምስት፣ እያንዳንዱ ደግሞ ጥንድ ስለሆነ 20 ነው የሚሆነው። ትናንት ማታ ደወለልኝ። 12ቱን ጨርሷል፤ ሰንሰለቱን ምን ያህል እንደሚያላላው ሊጠይቀኝ ነው የደወለው።