ስቴንስል የሚባዛው እንዲህ ነው

ደብረ ብርሃን ውስጥ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ፈተና የሚባዛው በስቴንስል ነበር፤ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፣ ቀለሙ በተበሳው ፊደል በኩል ያልፋል። ከመጋዘን የወጣ ማባዣ ማሽን ካገኛችሁ አትጣሉት። በእጅ የሚዞር ከሆነ፣ መብራት ቢጠፋም ሥራውን አያቆምም።

መጀመሪያ የታይፑን (የጽሕፈት መኪናውን) ፊደሎች በብሩሽ አጽዱ። ሪባኑን፣ ባለ ቀለሙን ጥብጣብ፣ ከመንገድ አውጡት፤ ታይፑ ላይ የገባውን ስቴንስል ሰም የሚበሳው ፊደሉ ራሱ ነው። እኩል ምቱ። ዐይን ያላቸው ፊደሎች ላይ ግን፣ እነ «ዐ» እና «መ» ላይ፣ እጃችሁን ቀለል አድርጉ። አለዚያ መሐላቸው ቦጭ ብሎ ይወጣና ወረቀቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስህተት ከገባ የማረሚያውን ፈሳሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በደንብ ሲደርቅ መልሳችሁ ምቱ። የቸኮለ ሌላ ቀዳዳ ነው የሚያተርፈው።

የስቴንስሉን የተመታ ፊት ወደ ማባዣው ከበሮ፣ ወደሚዞረው ክብ ክፍል፣ አዙራችሁ የላይ ጫፉን መያዣው ላይ አስገቡ። ሳይሸበሸብ አልብሱትና የጀርባውን ወረቀት ቅደዱ። መሸብሸብ ካለ ጽሑፉ መሐል መስመር ይሠራል፤ እሱን ምንም አያድነውም።

የኛ አገር ጣጣ ብርዱ ነው። በኅዳር ውርጭ ቀለም ይወፍራል፣ አልወጣም ይላል። የቀለሙን ቱቦ ቀድማችሁ ፀሐይ ላይ አኑሩት። በጥራጊ ወረቀት ጀምሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ደብዛዛ ናቸው። ሻካራ ወረቀት ይሻላል። ለስላሳው ቀለሙን ስለማይመጥ ላዩ ላይ የሚያርፈውን ወረቀት ጀርባ ያበላሻል።

ሲያልቅ ስቴንስሉን በጋዜጣ መሐል አስቀምጡት፣ ደግሞ ያገለግላል። የፈተና ከሆነ ግን ወዲያው አቃጥሉት። ብርሃን ላይ ሲያዩት ጥያቄው ሁሉ ይነበባል፤ ተማሪዎቻችን ደግሞ ቆሻሻ ገንዳውን ከኛ በላይ ያውቁታል።